የዘይነባ አፍንጫ

ዘይነባ መሞቷን የሰማሁት ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ነው። ዶሎ ኦዶ የሚኖረው ወንድሟ ደወለና ገና "ጋሽ ጸጋዬ" ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ የቀረውን መናገር አላስፈለገውም። የአንድ ድርጅት ቢሮ ኮምፒውተሮችን ልትጠግን ነበር ወደዚያ የወረደችው። የዶሎ ሙቀት አለ፣ የቆየ የልብ ሕመምም ነበረባት። ጠዋት ታማ ከሰዓት በኋላ አለፈች። እንደ እምነቷ ሥርዓት በዚያው ቀን እዚያው ተቀበረች፤ ከከተማችን ከነጌሌ ተነስቶ የሚደርስላት ሰው አልነበረም። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ማሽኑ ወረቀቱን መትፋቱን ቀጥሎ ኖሯል። ባለጉዳዩ "ኧረ ጋሼ፣ አንድ የልደት ካርድ ነው እኮ የሰጠሁህ!" ሲለኝ ነው የባነንኩት።

አይ ዘይኔ! እሷ ብትኖር ከቺፑዱ ማዶ ሆና "ወረቀቱን ጨርሰው፣ ባለ ሀብት ነህ አይደል?" ትለኝ ነበር።

እኔና እሷ አንድ ቤት በቺፑድ ለሁለት ከፍለን እንሠራ ነበር። በእኔ በኩል ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶና ማመልከቻ ጽሕፈት፤ በእሷ በኩል የላፕቶፕ ጥገና። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ነጌሌ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእኔ አባት ደግሞ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ከሰሜን የመጣ። ሁለታችንም ግን የዚህ ከተማ ልጆች ነን፤ ሁለተኛ አገር አናውቅም። እሷ ኦሮምኛ ስትናገር ቦረናዎቹ ራሳቸው "የማን ልጅ ናት?" ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔም አላንስም፤ እሷ ግን "ያንተ ኦሮምኛ የፎቶ ኮፒ ነው፣ ይነበባል እንጂ ቀለም የለውም" ትለኛለች።

ትሑት ነበረች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ሌላ ዘይነባ ነው የሚያወራላችሁ። ይህቺ ጉረኛ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ሻሿ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ኪሷ ሁልጊዜ ቆሎ። ደንበኛ ደጃፉን ገና ከመርገጡ "ከሞያሌ እስከ ዶሎ እንደዚህ ያለ አፍንጫ የለም" ብላ አፍንጫዋን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። ጉራዋ ግን ባዶ አልነበረም። ላፕቶፕ ሲመጣላት ከካቻቢቴ በፊት የምታነሳው አፍንጫዋን ነው። ጎንበስ ብላ በማናፈሻው ቀዳዳ በኩል ታሸታለች። የተቃጠለ ነገር፣ የፈሰሰ ነገር፣ አይጥ የሸናበት ነገር፣ ሁሉም በአፍንጫዋ ይታወቃል።

አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ቅሬታ ደግሞ አንድ ነው። "ይነሳል፤ ግን ምንም አያሳይም።" መብራቱ በርቷል፣ ማናፈሻው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጭው ብሏል። ሌሎቹ የከተማችን ጠጋኞች ለዚህ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያላቸው። ወይ "ፎርማት ይደረግ" ይላሉ፣ ወይ "ማዘር ቦርዱ ሞቷል" ብለው እጃቸውን ያራግፋሉ። ዘይነባ ይህን ስትሰማ ትናደዳለች። "ጨለማ ሁሉ ሞት አይደለም፤ አንዳንዱ ኩርፊያ ነው" ትላለች። ያኮረፈን ሰው ደግሞ አይቀብሩትም፣ ይለማመጡታል እንጂ።

አለማመጧ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ያውም የቦረና ሰላምታ። ቤተሰቡ ሰላም ነው? ከብቱ ሰላም ነው? ዝናቡስ? ሣሩስ? የቢሮ ሰው ሆኖ አንዲት ዶሮ የሌለው እንኳ ስለ ከብቱ ይጠየቃል። "ስንቱን ታደክሚዋለሽ?" ስላት፣ "ሰውዬው ሲረጋጋ ማሽኑም ይረጋጋል" ትለኛለች። ቀጥሎ ማሽተት። ከዚያ ታስነሳውና ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ "ዝም!" ትላለች። ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል፤ የእኔም ማሽን መቆም አለበት። የማናፈሻውን ድምፅ ታዳምጣለች። ፊደል ማተለቂያውን ቁልፍ ተጭና ትንሿ መብራት በርታ ስትጠፋ ካየች "ነፍስ አለ" ትላለች። የእጅ ባትሪ አብርታ ስክሪኑን በጎን ታየዋለች፤ ጥላ የመሰለ ነገር ከታያት የጠፋው ከኋላ ያለው ብርሃን ነው። ካልታያት ከሌላ ሞኒተር ጋር ታያይዘዋለች። እዚያም ጨለማ ከሆነ ነገሩ ከስክሪኑ አልፏል ማለት ነው። ያኔ ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅላ፣ ማስነሻውን ቁልፍ ተጭና ትቆያለች፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይውጣለት ብላ። አሁንም እምቢ ካለ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው።

ሁልጊዜ ይሳካላት ነበር እንዳትሉ። አንዴ የአንድ ርዕሰ መምህር ላፕቶፕ መጣላትና ሰላም አለች፣ አሸተተች፣ አዳመጠች። አንዱ ልጅ ለካ ብርሃኑን በቁልፍ እስከ መጨረሻው ቀንሶት ኖሯል። እሷ እቴ! በባትሪ አይታ የኋላው ብርሃን ተቃጥሏል ብላ ደመደመችና ፈትታ ጠረጴዛውን በብሎን ሞላችው። እኔ ቆሎ ልሰርቅ ተሻግሬ የብርሃኑን ቁልፍ ባጋጣሚ ስነካው አይደል ቦግ ያለው! ሰውዬው ሲመጣ ምን እንዳለችው ታውቃላችሁ? "የመንገድ አቧራ ነው።" ያን ዓመት ሙሉ ስስቅባት ከረምኩ። እሷ ግን ዓይኗን ሳታሽ "አቧራ ነበረበት፤ ውሸት ነው?" ትላለች።

"የመንገድ አቧራ ነው" የሚለውን ነገር ግን ለራሷ መሸፈኛ ብላ አልነበረም የጀመረችው። እንዴት እንደጀመረች ልንገራችሁ።

ሱቁን እንደከፈትን ሰሞን አንድ የቢሮ ኃላፊ ላፕቶፕ አስይዞ መጣ። ያሸከማት ጸሐፊውን ነው፤ ፀጥ ያለች፣ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ። ሰውዬው "ይነሳል፣ ምንም አያሳይም" አለ። ዘይነባ ያኔ ስሟ ገና አልታወቀም፤ መታወቅ ደግሞ ፈልጋለች። አንዴ አሸተተችና ገና ሳትከፍተው "ሻይ ነው! ያውም ቅርንፉድ ያለው፣ ስኳር የበዛበት!" አለች፣ ሱቁን በሚያናጋ ድምፅ። እኔም ከወዲያ ሆኜ አጨበጨብኩ። ኃላፊው ወደ ልጅቷ ዞረ። ልጅቷ መሬቱን አየች። 

ማሽኑ ዳነ። ልጅቷ ግን ከሥራ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ በደጃችን ስታልፍ አየናት። ዘይነባ ሮጣ ወጥታ ጠራቻት፤ ልጅቷ ግን አልዞረችም። ዘይነባ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና "ማሽን አዳንኩ፣ ሰው ገደልኩ" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይደረጋል? የዚያን ቀን ቆሎዋን ሳትነካ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ማንም "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ቢጠይቃት መልሷ አንድ ሆነ። ሻይ ቢፈስበት፣ ሕፃን ቢቀመጥበት፣ ሰካራም ቢጥለው፣ ሁሉም የመንገድ አቧራ ነው። ማንም አይከራከራትም፤ የነጌሌን ቀይ አቧራ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ጥፋት የሠራውን ሰው ግን ብቻውን ስታገኘው ጆሮውን ይዛ ነው የምትመክረው። "ሁለተኛ ሻይ ይዘህ ብትቀርበው እኔ ነኝ የምከስህ!"

እኔ ነገር ፊት ለፊት ካልተነገረ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ብዙ ተጣልተናል። "ባለሙያ እውነቱን ነው መናገር ያለበት" እላታለሁ።

"እውነቱን ማሽኑ ያውቀዋል፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ያጠፋው ሰው ያውቀዋል። ሌላ ማን ቀረ?"

"ባለቤቱ!"

"ባለቤቱ የሚፈልገው ማሽኑ እንዲሠራለት ነው። ሠርቶለታል። ሌላው ሆድ ይፍጀው።"

"እሺ፣ መንገዱ አስፋልት ሲሆን ምን ልትዪ ነው?"

"የአስፋልቱ አቧራ እላለሁ።"

ከዚህ ሰው ጋር ምን ታወራላችሁ?

አሁን ወደ ቃባሌ ነገር ልምጣ። ዘይነባን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ ጠዋት ነው።

ቃባሌ ከነጌሌ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣች የቦረና ልጅ ናት፤ ያኔ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ የመጨረሻ ዓመት። ከቤታቸው እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ስለ ድርቅና ስለ ግጦሽ ከሽማግሌዎች እየጠየቀች የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ በላፕቶፑ ውስጥ ነው ያለው። በፍላሽ የያዘችውን ቅጂ ቫይረስ በልቶታል፤ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ቀሪ ሽማግሌዎችን ለመጠየቅ ወደ ተልተሌ ስትሄድ መንገዱን ፈርታ ላፕቶፑን እናቷ ዘንድ አስቀመጠችው። ስትመለስ ብታስነሳው መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጨለማ። ጽሑፉን በዚያ ሳምንት ካላስረከበች ምረቃው ያልፋታል፤ ዓመት መጠበቅ ነው።

በሩ ላይ ሲቆሙ ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ የሄደችበት ጠጋኝ ማዘር ቦርዱ ሞቷል ብሏታል። እናቷ አደ ሎኮ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

"እትዬ ዘይነባ፣ በአላህ ቶሎ እዪልኝ" አለች ቃባሌ።

ዘይነባ እሷን አልፋ ወደ እናትየው ሄደችና በሰላም ማደራቸውን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። "አደ፣ ነጋ ቡልታኒ?"

"ነጋ።"

"ወራ ነጋ? ሆሪ ነጋ?"

ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብ፣ ሣር፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ፣ ተመለሰ። ቃባሌ ጥፍሯን ትበላለች። እኔም በሆዴ "ዛሬስ በቃሽ" እላለሁ። ሲያልቅ ዘይነባ ላፕቶፑን ተቀብላ ጎንበስ አለችና አሸተተች።

ቀና ስትል ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ማንንም አላየችም፤ ወደ እኔ ብቻ ዞራ "ጸጋዬ፣ ያንን ማሽን አጥፋው" አለች። ማሽኔ እኮ አልበራም ነበር።

አስነሳችው። ማናፈሻው ዞረ። ትንሿ መብራት በራች፣ ጠፋች። "ነፍስ አለ" አለች። በባትሪ አየችው፣ ምንም የለም። ከሞኒተሩ ጋር አያያዘችው፣ ጨለማ። ቻርጀሩን ነቀለች፣ ባትሪውን አወጣች፣ ቁልፉን ተጭና ቆየች፣ መለሰች፤ እንደዚያው ጨለማ። ካቻቢቴ አነሳች።

የጀርባው ክዳን ሲነሳ ሽታው ቤቱን ሞላው። የወይራ ጢስ ነው። ከቦረና ጎረቤት ጋር ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም። ቦረናዎች የወተቱን ዕቃ፣ ጮጮውን፣ ወተት ከመግባቱ በፊት በሚጤስ እንጨት ያጥኑታል፤ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ ጣዕሙም እንዲያምር። የወተት ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ የቤቱ ክቡር ቦታ ነው። አደ ሎኮ የልጃቸውን ዕቃ ሌላ የት ያስቀምጡታል? ከጮጮዎቹ ጋር አስቀምጠውታል። ጮጮዎቹን ባጠኑ ቁጥር ደግሞ እሱንም ከፈት አድርገው አጥነውታል፣ ትል እንዳይገባው፣ እንዳይበላሽ። የሚወዱትን ነገር የሚጠብቁት እንደዚህ ነው፤ ሌላ ዘዴ ማን ነገራቸው?

ዘይነባ የማስታወሻ ካርዱን፣ ራም የሚሉትን፣ ነቅላ አወጣች። ከመሳቢያዋ ነጭ ላጲስ አንስታ የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች ፈተገች። ላጲሱ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ።

ቃባሌ አየችው። "ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

አደ ሎኮ አማርኛ ብዙ አይሰሙም፤ የልጃቸውን ድምፅ ግን ሰምተዋል፣ ላጲሱንም አይተዋል። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ሲል አየሁ።

"የመንገድ አቧራ ነው" አለች ዘይነባ።

"አቧራ እንዲህ ይሸታል?"

"ሙቀት ሲጋግረው ይሸታል! ማን ነው ባለሙያው፣ እኔ ነኝ አንቺ?" ብላ አምባረቀችባት። ደንበኛ ላይ ስትጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ ደንግጣ ዝም አለች።

ካርዱ ተመለሰ። አስነሳችው፤ ጨለማ ነው። ቃባሌ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የለውም፣ ዕንባው ብቻ ይወርዳል። እናትየው የልጃቸውን ዕንባ እያዩ "ዋቃ" አሉ፣ አምላካቸውን ሲጠሩ ነው።  ዘይነባ ሌላ ካርድ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሞከረች። ያም እምቢ አለ። ላቧን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና "እሱ ብቻ አይደለም፣ ቤቱም ነው" አለች። ካርዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ማለቷ ነው። እኔን ወደ ፋርማሲ አባረረችኝና አልኮል ይዤ መጣሁ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀዳዳውን ፋቀችው፣ እፍ አለችበት፣ እንደገና ፋቀችው። እስኪደርቅ እንጠብቅ ብላ ለሁላችንም ቆሎ አደለች። የሚበላው ሰው አልነበረም፤ እሷ ብቻ ትቆረጥማለች።

ከዚያ ካርዱን አስገባችና "ቢስሚላህ" ብላ ቁልፉን ተጫነችው።

መጀመሪያ ጨለማ። ቀጥሎ ትንሽ ጽሑፍ። ቀጥሎ ቦግ!

ስክሪኑ ላይ የወጣው የአደ ሎኮ ፎቶ ነው፤ በረት በር ላይ ከአንዲት ቀይ ላም ጋር ቆመው። ቃባሌ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከላሟ ላይ ነው። "ይህቺን ላም እኮ ድርቁ ወሰዳት" አሉ በኦሮምኛ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም፣ እያዘኑላት ነው።

"ሂጂ፣ ያንቺን ጽሑፍ ወደ ጋሽ ጸጋዬ ኮምፒውተር ገልብጪ፣ አንድ ቅጂም አሳትሚ፣ ፍላሽ አይታመንም" ብላ ዘይነባ ልጅቷን ወደ እኔ በኩል ላከቻት። ቺፑድ እኮ ግድግዳ አይደለም፤ ልጅቷ ሥራዋ ላይ ስታቀረቅር እኔ በዚያ በኩል የሚባለውን እሰማለሁ። ዘይነባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ "አደ ኮ" አለች፣ እናቴ ማለት ነው። "የወተት ዕቃ ጢስ ይወዳል። ይሄኛው ግን ደረቱ ደካማ ነው፤ ያስለዋል። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከፍ አድርገው ያስቀምጡልኝ፤ ሌላ አይፈልግም።"

 "እኔ ነኝ እንግዲህ" አሉ አደ ሎኮ።

"አቧራ ነው፤ ሰምተውኛል።"

ቃባሌ በጊዜው አስረክባ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ አደ ሎኮ ለገበያ በመጡ ቁጥር ለዘይነባ ወተት ይዘው ይመጣሉ። ለእኔም ስለሚደርሰኝ "ውሸትሽ ወተት አለው" እላት ነበር። "እንግዲያው አትጠጣ" ትለኛለች፣ ብርጭቆውን ከእጄ እየቀማች።

የዘይነባ ለቅሶ አባቷ ቤት ተደረገ። ድንኳኑ ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ አለ፤ ግማሹ ላፕቶፑን ያዳነችለት፣ ከእነሱም ብዙው ጥፋቱን የሸፈነችለት መሆን አለበት። ዕድሜ የተጫናቸውን አባቷን "አላህ ያጽናዎት" ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ውጭ ቃባሌ አገኘችኝ። አሁን እዚሁ ነጌሌ መምህር ናት። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ" አለችኝ። "ያኔ እኮ ጢስ መሆኑን አውቄ ነበር።"

"እንዴት?" አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

"በዚያ ጢስ ወተት ነው ያደግሁት፣ ይጠፋኛል? ላፕቶፑን ከእናቴ እጅ እንደተቀበልኩ ነው ያወቅሁት። ያን ጠዋት አፌን ሞልቼ ነበር የመጣሁት፤ ዕድሜ ልኳን የማትረሳውን ነገር ልናገራት። የፈለግሁት ሌላ ሰው 'ጢስ ነው' እንዲል ብቻ ነበር። እትዬን ሁለቴ ጠየቅኋት፣ አላለችልኝም። ጭራሽ ጮኸችብኝ። ስትጮህብኝ ያፌን ዋጥኩት።" ዕንባዋን ጠረገች። "እናቴ እስከ ዛሬ የማላውቅ ይመስላታል። እንዲመስላት ነው የምፈልገው።"

 ስንት ዓመት "እውነቱን ንገሪ" እያልኩ ዘይነባን ስጨቀጭቃት የኖርኩት ሰውዬ፣ እዚያ ድንኳን ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። በጣም ነው የናፈቀችኝ።

ልገባ ስል አደ ሎኮ ከሴቶቹ መሀል ጠሩኝ። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ለለቅሶ ቤቱ ወተት በጮጮ ይዘው መጥተዋል። ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ዘይነባ ምሥጢሬን ይዛልኝ ሄደች። አንተም ያን ቀን ነበርክ" አሉኝ።

"ነበርኩ አደ።"

"ቃባሌ ጠይቃህ ታውቃለች? ያኔ ምን ነበር ብላ?"

ቃባሌ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

"ጠይቃኝ ታውቃለች" አልኳቸው።

ጮጮውን የያዘው እጃቸው ቆመ። "ምን አልካት?"

"የመንገድ አቧራ ነው አልኳት።"

አደ ሎኮ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ወተቱን ቀዱልኝ።

"መንገዳችን እኮ ክፉ ነው" አሉ።